ሥራዬ እምቢ ማለት ነው

ሰው ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሰው ጥርስ ይነቅላል፤
እኔ እምቢ እላለሁ፣ ወር ሲሞላ ይከፈለኛል።
ታምፔሬ ኅዳር ሲገባ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ታልቃለች፤
ከፏፏቴው ዳር ያለችው ቀይ ሸክላ ፋብሪካ
ያኔ ጥጥ ትፈትል ነበር፣ ዛሬ ጨዋታ ትፈትላለች።
እነሱ ይፈትላሉ፣
እኔ እፈትናለሁ።

ጨዋታው መርከብ አለው፣ መርከቢቱ ካፒቴን አላት፤
ራግና ነው ስሟ፣ ገመድ ከወገቧ የማይለያት።
ሦስት ወደብ አብረሻት ከዞርሽ፣ ሁለቴ ካሳቅሻት፣
ከማዕበሉ ማግስት፣ ሌሊት፣ በርሽን ታንኳኳለች።

በመጀመሪያው ረቂቅ ጥያቄ አልነበረም።
ገመድ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ንጋትና ቫዮሊን።
አለቃችን ዩርኪ «ጥያቄ ስሜት ይገድላል» አለ፣
«ትኩስ ገላ ላይ በረዶ መድፋት ነው።»
ታሪኩን የምትጽፈው ሲርካ፣
ሃምሳን የተሻገረች፣ የሹራቧ እጅጌ የላላ፣
መልስ አልሰጠችም። ከቦርሳዋ ገመድ አወጣች፤
እውነተኛ ገመድ፣ እጥበት ያለሰለሰው፣
ጠረጴዛው ላይ፣ ከመዳፊቱ አጠገብ አኖረች።
«ባሌ ሃያ ዓመት አስሮኛል» አለች፣ «በዚህች።
ሃያ ዓመት ሙሉም ጠይቆኛል።
የሞተ ስሜት አላየሁም።»
ዩርኪ ጆሮው ቀላ።

እንዲህ ሆነና ራግና መጠየቅ ጀመረች፦ «ልሰርሽ?»
አስቀድማ ቋጠሮዋን ታሳያለች፣ ጫፉን ሲስቡት የሚረግፈውን፤
«መርከበኛ አያስርም» ትላለች፣ «መፍታት የማይችለውን።»
አንዲት ቃልም ታስይዛለች፦ ወደብ።
ወደብ ካልሽ ገመዱ ይወድቃል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል፣
ለምን የሚል የለም።

እሺን የሚፈትን ሌላ ልጅ አለ። እሺ ቀላል ናት፤
መብራት አላት፣ ሙዚቃ አላት፣ ሠዓሊው ሁሉ ያሸበረቃት።
የኔ ድርሻ እምቢ ነው።
ማክሰኞ ብቻ ሁለት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ፦
እምቢ በማዕበል፣ እምቢ ስሟን ጠርቼ፣
እምቢ መጀመሪያ እሺ ብዬ፣ መሃል ላይ ተጸጽቼ፣
እምቢ ምንም ሳልል፣ እጄን ጭኔ ላይ ትቼ።

እዚያ ላይ ነው ስህተቱን ያገኘሁት።
ሠላሳ ሰከንድ ዝም ካልኩ
ጨዋታው በኔ ፈንታ እሺ ይላል።
ማንም ክፉ አላሰበም። ሰዓት ቆጣሪው
ከገበያው ትዕይንት የተቀዳ ነው፣ ከዓሣ ሻጩ፤
የዘገየ ገዢ ዓሣውን ወስዶ እንዲሄድ።
ግን ራግና፣ ያችው ደግ ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣
ዝምታዬ ላይ ገመዷን ስትዘረጋ አየሁና
ወንበሬ ላይ ደረቅኩ።

ስንት እሺ አለ እሺ ያልወለደው፣
ይሉኝታ ያረገዘው፣ ዝምታ ያሳደገው።
አንድ ክረምት፣ ቱርኩ ውስጥ፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ
የጣሪያ ጣውላ ቆጥሬ ነበር።
አስራ ዘጠኝ ነው።

ሪፖርቱን ጻፍኩ፦
«ክብደት፦ ከፍተኛ።
የሆነው፦ ዝምታ እሺ ተብሎ ተቆጠረ።
መሆን ያለበት፦ ዝምታ፣ ዝምታ ሆኖ ይቅር።
ስህተቱን ዳግም ለማየት፦ ምንም አታድርጉ።»

ሐሙስ ታረመ። ገባሁ፣ እጄን ሰበሰብኩ፣ ጠበቅኩ።
ሠላሳ። አርባ። ስልሳ።
ራግና ገመዷን ጠቅልላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣
ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ።
«ባሕሩ ረግቷል» አለች። «ጧት የዓሣ ሾርባ አለ።»
ፍቅሯ ከነጥቡ አልጎደለም፣
መርከቢቱም አልሰጠመች።

የዚያን ዕለት ማታ፣ ሰዓቴ አልቆ፣ ፎቁ ጭር ብሎ፣
ማንም በማይከፍለኝ ደቂቃ፣
ያን ሁሉ እምቢ ከኋላዬ አድርጌ
ጣቴ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ።
እሰሪኝ።
«እርግጠኛ ነሽ?» አለች።
ሳቅ አመለጠኝ።
ነኝ አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ለባዶው ቢሮ።